ገመዱን የነኩት እትዬ

የወፍጮው ቀበቶ በተበጠሰ ጊዜ እዚያ ተቀጥሮ የሚሠራው ልጅ ገና ጢም እንኳ አላቀመቀመም ነበር። ቀበቶው ማርጀቱን የማያውቅ አልነበረም፤ ባለቤቱ ግን “ትንሽ ያቆየናል” እያለ በሽቦ ሲያስጠግነው ኖሯል። ቀበቶው ተወንጭፎ የልጁን ሁለት ጣቶች ይዞ ሄደ። ደሙ ሳይቆም ባለቤቱ ከበላዩ ቆሞ፣ “ማን ንካ አለህ? አንተ ቀልበ ቢስ!” አለው። ቁስሉ ደረቀ፤ ያቺ ቃል ግን እስከ ዛሬ ታመረቅዛለች።

ያ ልጅ በማታ ትምህርትና በተውሶ መጽሐፍ ከኮምፒውተር ጋር ተወዳጅቶ፣ ጎልምሶ፣ የአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነ። ባልደረቦቹ በቀሩት ጣቶቹ ቁጥር “ስምንቴ” ይሉታል። አይከፋውም። “በስምንቱ የምጽፈውን እስቲ እናንተ በአሥሩ ጻፉት” ይላል።

በሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል ጀርባ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሕሙማኑን መረጃ የሚይዘው ዋናው ኮምፒውተር ጠዋት ጠዋት ድርቅ ይል ጀመር። ሰልፉ እስከ በሩ ይደርሳል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ የታመመ ሰው ቆሞ ይውላል። መላው አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ከኮምፒውተሩ ኋላ የተሰካው የኔትወርክ ገመድ ሲነካ እንደሚደርቅ ደረሰበትና ገመዱን በቁስል ፕላስተር ከግድግዳው ጋር አጣብቆ “አትንኩ” ብሎ ጻፈበት። ይህንንም ጥገና አሉት! ሆስፒታል ውስጥ ስለሚውሉ የሚያመውን ሁሉ ፕላስተር የሚያድነው መሰላቸው።

ፕላስተሩ ለቀቀ። ሁሉም “እትዬ” የሚሏቸው የጽዳት ሠራተኛ ወለሉን ሲወለውሉ የመወልወያው እንጨት ገመዱን ነካውና ኮምፒውተሩ እንደገና ሞተ። ኃላፊው ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ በመካከሉ እንዲህ አላቸው፦

“ይህን ሁሉ በሽተኛ የሚያንገላቱት እርስዎ ነዎት። ሌላ ሥራ ይፈልጉ።”

እትዬ በዚያች ሥራ ነበር የሞተች ልጃቸውን ልጆች የሚያሳድጉት። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ስምንቴ ግን ደሙ ፈላ።

“ገመድ በተነካ ቁጥር የሚሞት ኮምፒውተር ካለ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው!”

“ነክተዋል ወይስ አልነኩም?”

“ነክተዋል።”

“በቃ!”

“አልበቃም!”

“እንግዲያው እስከ ዓርብ አሳየኝ” አለ ኃላፊው። “ካላሳየኸኝ ይሄዳሉ።”

ስምንቴ ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ መጠባበቂያ ኮምፒውተር አስነሣና ገመዱን ነቀለ። ምንም አልሆነም። ሰካው፤ ነቀለው፤ አሁንም ምንም። ኃላፊው በበሩ ብቅ ብሎ፣ “እንግዲህ የእትዬ እጅ ልዩ ነው ማለት ነው!” ብሎ ስቆ ሄደ።

“እትዬ፣ ክፍሉን የሚወለውሉት መቼ ነው?” ብሎ ስምንቴ ጠየቃቸው።

“ሰዉ ሲተራመስ ነዋ! ጭቃው የሚገባው ያኔ አይደል?”

ነገሩ በራለት። በዚያ ሰዓት መረጃ በገመዱ ይጎርፋል። መጠባበቂያውን በሐሰተኛ መረጃ አጥለቀለቀውና ነቀለ፤ ወዲያው ክልትው አለ። ሲሞት ስክሪኑ ላይ ጥሎት የሄደው መልእክት ጥፋቱን የኮምፒውተሩን ሁለመና በሚመራው በስርዓተ ክወናው አስኳል ውስጥ፣ ገመዱ የሚሰካበትን የኔትወርክ ካርድ በሚያዘው ድራይቨር በሚባል ፕሮግራም ላይ ጠቆመ።

ገመዱ ሲነቀል ወይም ተነክቶ ሲላላ ድራይቨሩ ካርዱ ይጽፍበት የነበረውን ሜሞሪ ቀድሞ ለአስኳሉ ይመልሳል፤ ካርዱን “አቁም” የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ተከራዩ ሳይለቅ ቤቱን ለሌላ ሰው እንደማከራየት ያለ ነው፤ የቀድሞው ቁልፉን ይዞ ይመጣና ዕቃውን በአዲሱ ሰው አልጋ ላይ ይዘረግፋል። መረጃ በሌለበት ሰዓት የሚዘረገፍ የለም፤ ጠዋት ግን ቤቱ ይፈርሳል።

ይባስ ብሎ፣ የድራይቨሩ ሠሪዎች ስሕተቱ ከዚህ በፊት ተነግሯቸው ነበር። መልሳቸው “በሥራ ሰዓት ገመዱን አትንቀሉ” የሚል ነው። ስምንቴ ሲያነበው የወፍጮው ባለቤት ጆሮው ሥር የጮኸ መሰለው። ዓይን ያወጣ ነገር! የድራይቨሩን ቅደም ተከተል ገለበጠው፦ መጀመሪያ ካርዱ ይቁም፤ መቆሙን ያረጋግጥ፤ ከዚያ ሜሞሪው ይመለስ። መጠባበቂያው ላይ ክንዱ እስኪዝል እየነቀለ ሞከረው። አልሞተም።

ዓርብ ጠዋት፣ ጥገናው ዋናው ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ በኋላ፣ ሰልፉ በደራበት ሰዓት ሠራተኛው ተሰበሰበ። ስምንቴ የቀረውን ፕላስተር ልጦ ጣለ።

“እትዬ፣ ይንቀሉት።”

“እኔ? አፈር ስሆን! ብነካው እጄን ይቁረጠው!”

“እጅ መቁረጡ ይቅርብን፤ ከኔ የጎደለው ይበቃል።”

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ነቀሉት። ስክሪኑ “ግንኙነት የለም” አለ እንጂ አልደረቀም። መልሰው ሰኩት። ከመስኮቱ ወዲያ “ቀጣይ!” የሚል ድምፅ ተሰማ።

“መልካም” አለ ኃላፊው። “እትዬ ሥራቸውን ይቀጥሉ። ለወደፊቱ ግን ይጠንቀቁ።”

“ምን ማለት ነው ‘ይጠንቀቁ’?” ስምንቴ መንገዱን ዘጋበት። “የወነጀሏቸው በሰው ፊት ነው። አሁንም በዚሁ ሰው ፊት ‘ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም’ ይበሏቸው።”

ኃላፊው ወደ እትዬ ዞረ።

“ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም” አላቸው።

ኋላ የስምንቴ እህት፣ “በዕድሜህ ከሠራኸው ሁሉ የምትኮራበት ያ ጥገና ነው አይደል?” ብላ ጠየቀችው።

“ጥገናውንማ ሌላም ሰው ይሠራዋል” አላት። “እኔ የደከምኩት ለዚያች አንዲት ቃል ነው። ለኔ ማንም አላላትም። ለእሳቸው ግን አስባልኩላቸው።”