ብሬኔሮ ላይ ያጣነው ኬላ

ከሮማ ወደ ሰሜን ሲወጡ፣ አውቶስትራዳ የሚሉት የክፍያ አውራ ጎዳና መግቢያ ላይ ያለው ማሽን ትኬት ሲሰጥ ትርርክ የሚል ድምፅ ያሰማል። ባለቤቴ ሳንቆም የሚያሳልፈንን መሣሪያ መኪናችን ላይ እንድናስገጥም ከወተወተኝ ቆየ። እኔ ግን እሺ እያልኩ እስከ ዛሬ አለሁ። ሰው ሁሉ እያለፈኝ ተሰልፌ ትኬቴን እስባለሁ። ወረቀቷ ከማሽኑ ስትወጣ ለብ ትላለች፤ ያን ጊዜ እናቴ ከጎኔ የተቀመጠች ይመስለኛል።

ልጅ ሳለሁ እናቴ የሐሙስ ከሰዓትና የእሁድ እናት ነበረች። ሌላውን ቀን አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት እያደረች ትሠራለች፣ እኔ አጎቴ ዘንድ እሆናለሁ። አንድ ቀን ሙኒክ ያለችው ታናሽ እህቷ ወለደች የሚል ስልክ መጣ። እናቴ “እህቴ አራስ ሆና ገንፎ የሚያገነፋላት ሰው ትጣ?” ብላ ያንኑ ሳምንት ፈቃድ ጠየቀች።

እህትማማቾቹ ከተያዩ ዘመን አልፎ ነበር። እኔ ሳልወለድ እናቴ በባቡር ልትሄድላት ሞክራ፣ ድንበሩ ላይ፣ ብሬኔሮ የምትባል መንደር ውስጥ፣ ፖሊሶች ወረቀት የለሽም ብለው አውርደው መልሰዋታል። ከዚያ ወዲህ ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ወጥቷል። ፍርሃቷ ግን አልወጣም።

በአጎቴ አሮጌ መኪና ማለዳ ተነሣን። እግሬ የሚያርፈው ንጥር ቅቤ በሞላ ቆርቆሮ ላይ ነበር፤ ማሞቂያው ሲበረታ ሽታው መኪናውን አጠነው። አጎቴ መስኮት ልክፈት ሲል፣ እናቴ “ልጅቷን ብርድ ልታስመታብኝ ነው እንዴ!” ትላለች። መግቢያው ላይ ትኬቱን ስቦ ሰጣት።

“እትዬ፣ ያዢልኝ። እንዳትጥዪው፤ ያለ እሱ መውጣት የለም።”

እናቴ ያደገችው ከከተማ ከተማ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት በሚጠየቅበት ዘመን ነው። ትኬቱን እንደ ቅዱስ ነገር በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ከፔርሜሶዋና ከፓስፖርቷ ጋር በመሐረብ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ያን መንገድ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ተራራውን በስተው ገብተው በሌላው ወገን ይወጣሉ፤ ብርሃን፣ ጨለማ፣ ደግሞ ብርሃን። እናቴ ዋሻ በገባን ቁጥር “ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ ማን ቦረቦረው?” ትላለች። ከሰዓት በኋላ በረዶ የለበሱት ተራሮች ግራና ቀኝ ቆሙብን። አንገቴን ሰብሬ ባይም ጫፋቸው አልታይ አለኝ። ደግሞም እናቴን ከማንም ጋር ሳልካፈል ሙሉ ቀን አግኝቻታለሁ፤ የቱ ይበልጥ እንዳስደነቀኝ ዛሬም አላውቅም።

የመጨረሻው ካዜሎ ተራሮቹ መሀል ነበር። መስመር መስመር የያዙ መኪናዎች፣ የሚነሣና የሚወርድ አግዳሚ፣ ከመስታወት በስተጀርባ መለዮ የለበሰ ሰው። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

“ራዲዮውን አጥፋ! ዝም በሉ!”

መሐረቡን ፈትታ ትኬቱንም፣ ፔርሜሶውንም፣ ፓስፖርቱንም ለአጎቴ አቀበለችው። አጎቴ የሚያደርገውን ሳያይ ሁሉንም በመስኮት ሰጠ። ሰውየው ትኬቱን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መለሰ፤ አጎቴ ከፈለ፤ አግዳሚው ተነሣ። “ቡዎን ቪያጆ፣ ሲኞራ!” ብሎ መልካም ጉዞ ተመኘላት ሰውየው።

እናቴ ጮኸች። “አንተ፣ ቁም! ይለፋችንን አስቀረብን እኮ! በምን ልናልፍ ነው?”

አጎቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። “እትዬ፣ የመንገድ ክፍያ ነው! ካዜሎ እንጂ ኬላ አይደለም።”

“ታዲያ ኬላው የት ነው?”

“ከፊታችን ነው።”

ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። እናቴ ፔርሜሶዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመዳፏ ሸፈነችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች አጠገባችን ያጓራሉ። እኔም ፈርቼ የቅቤውን ቆርቆሮ በእግሬ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩ። ቆይቶ ታፔላዎቹ ላይ ጣልያንኛው ጠፋ።

“ደረስን እንዴ?” አለች እናቴ።

“አለፍነው እኮ፣ እትዬ።”

“ማን አሳለፈን?”

“ማንም። ኬላውን አንሥተውታል መሰለኝ።”

እናቴ ወደ ኋላ ዞራ መንገዱን አየች። ከኋላችን መንገድና በረዶ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

“መልሰኝ” አለችው።

አጎቴ ሊከራከር አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ ተወው። ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ ወደ ኋላ ተመልሶ ብሬኔሮ መንደር ውስጥ አቆመልን። ዳር ላይ አንድ የድንበር ድንጋይ ቆሟል፤ ራቅ ብሎ የባቡር ጣቢያው ይታያል። አየሩ የእንጨት ጭስና የበረዶ ሽታ ነበረው። “እዚያ ነው ያወረዱኝ” አለችኝ በአገጯ እያሳየች። ከዚያ በዚያች ስስ የሮማ ጫማዋ ድንጋዩን አልፋ ሄደች። ቆመች። ተመለሰች። ደግማ ተሻገረች። ውሻ የሚያንሸራሽር ሽማግሌ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሰላምታ ሰጥቷት አለፈ።

“ነይ፣ አንቺም ተሻገሪ” ብላ እጄን ያዘችኝ። “ለዚህች ድንጋይ! ለዚህች ድንጋይ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ዘመን እህቴን ያጣሁት!” እያለቀሰች ሳቀች። እናቴን እንደዚያ ትልቅ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ተራሮቹ ከኋላዋ ነበሩ።

ገንፎው ተገነፋ። አክስቴ እናቴን ስታይ አራስነቷን ረስታ ከአልጋዋ ዘላ ተነሣች፣ ሁለቱ ተቃቅፈው ሕፃኑ እስኪነቃ ተላቀሱ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ደጋግመን ሄደናል። ካዜሎ ምን እንደሆነ እናቴ አሳምራ ታውቃለች፤ ዜግነቷንም አግኝታለች። ቢሆንም አግዳሚውን ከሩቅ ስታይ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ራዲዮ ታስጠፋለች፣ እጇን ወደ ደረቷ ትሰዳለች። እንስቅባት ነበር።

አምና ቀበርናት። ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጋር ወደ አክስቴ ስንሄድ፣ ካዜሎው ሲቃረብ እጄ ሳላዘው ራዲዮውን አጠፋ።

“ማማ፣ ፔርኬ? ለምን አጠፋሽው?” አለች ልጄ ከኋላ።

“አያትሽ ወረቀቷን እያወጣች ነው” አልኳት።

ልጄ አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር አየች። ከዚያ ቀና ብላ ተቀመጠችና አግዳሚው እስኪነሣ ድረስ ዝም አለች።