ጠረጴዛ ላይ የወጡት ስፒከሮች

ልጄ ሁለት ቁመታም ስፒከሮች ከአዲስ አበባ ሲልክልኝ መሬት ላይ እንደሚቆሙ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን የምሰማባቸው የበገና መዝሙር ስለሆነ ከእግር ሥር መዋላቸውን አልወደድኩትም። ጠረጴዛ ላይ አወጣኋቸው፤ ዳንቴልም አለበስኳቸው። ዐቢይ ጾም ገብቶ መዝሙሩን ስከፍት ግን በገናው እንደ ዝንብ ጢዝ አለ። የምወደው ወፍራሙ አውታር ጨርሶ አይሰማም።

ተከራዬ የፊዚክስ መምህር ነው። ጠርቼ ሳሳየው ሳቁን ዋጠ።

«እማማ፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን ከፈለጉ ያውርዷቸው። ወደ ግድግዳው ጥግ ያስጠጓቸው፤ ዳንቴሉም ይውለቅ።»

«መዝሙር መሬት አይወርድም» አልኩት።

«ደርዳሪው ራሱ በገናውን የት ነው የሚያቆመው?»

አሰብኩ። እግሩ ሥር ነው የሚያቆመው። «በል ያዝ» አልኩትና ተጋግዘን አወረድናቸው።

ወፍራሙ አውታር ሲመታ ከደጀን የመጣ ከባድ መኪና በደጄ ያለፈ ይመስል ወንበሬ ነዘረኝ። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ።

«ድምፁን ልቀንሰው እንዴ እማማ?»

«ተወው» አልኩና ዳንቴሉን አጥፌ ከብርጭቆዎቹ ሥር አነጠፍኩት።