«ሾርባው አረረ»ን ፍለጋ

የእህቴ ባል ኤውክሊደስ በሕይወቱ ጠንቅቆ ያወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፒኮ። ፒኮ ማለት ቁም ሳጥን የሚያህል የሸክላ ማጫወቻ ነው። የእሱ ከፊት ለፊቱ ቀይ ኮርማ ስለተሳለበት «ኮርማው» ይባል ነበር። እሁድ ከሰዓት ሲከፈት ባራንኪያ ከተማ ውስጥ የእኛ ሰፈር ቆርቆሮ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ውሻው ሳይቀር ሰፈር ለቆ ይሄዳል። እኔ ኖሪስ እባላለሁ፤ የሚስቱ የኤደልሚራ ታናሽ ነኝ። ይህን ሰውዬ ዕድሜ ልኬን ስችለው ስለኖርኩ ስለ እሱ የምለውን እመኑኝ።

ዛሬ ኮርማው ጓሮ ቆሟል፤ ዶሮዎች ይፈለፍሉበታል። ሸክላዎቹን የወሰደው ጎርፍ ነው። እኛ ከተማ ሰማዩ ሲቀደድ መንገዱ ወንዝ ይሆናል፤ አንድ ቀን ወንዙ በሩን ገፍቶ ገባና የሸክላ ሳጥኖቹን እንዳሉ ይዞ ሄደ። ኤውክሊደስ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲሮጥ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የሰው ቬንትሌተር እየጠገነ ይኖራል።

ልጃቸው ያዲራ ፓናማ ነው የምትሠራው። ለእናቷ ስልሳኛ ዓመት ልደት ስትመጣ ለአባቷም አንድ ነገር ይዛ መጣች። ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ታጥቦበት ታጥቦበት የሳሳ ሳሙና የሚመስል መስታወት ነው። መርፌ የለው፣ ክዳን የለው፣ የሚጠመዘዝ ነገር የለው።

«ምንድን ነው ደሞ ይሄ?» አለ ኤውክሊደስ።

«ሙዚቃ ማጫወቻ ነው፣ አባዬ። ፊልምም ያሳያል። በጣትህ ነካ ማድረግ ብቻ ነው።»

«ድምፅ ማጉያውስ የታለ?»

«ይኸው፣ ጆሮህ ውስጥ ትከተዋለህ።»

ቀጭኑን ሽቦ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ከላይ እስከ ታች አየው። «ይሄ ለአንድ ሰው ነው። ብቻውን የሚጨፍር ሰው ደግሞ ሐኪም ቤት ነው የሚወሰደው» አለ።

መስታወቱም በበኩሉ ኤውክሊደስን አልወደደውም። ሽቦ ሲበይድበት የኖረው ጣቱ ደንድኗልና ቢነካው፣ ቢጫነው፣ ቢደበድበው አልሰማው አለ። ያዲራ ቀስ በል ትላለች፤ እሱ ይብስበታል። በመጨረሻ ጣቱን ላስ አድርጎ ሞከረ። ሠራ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ምላሱን ሳያወጣ ሙዚቃ ከፍቶ አያውቅም። እኔም ሰው የላሰውን ዕቃ አልነካም ብዬ ቁርጡን ነገርኳቸው።

ጉዱ የመጣው የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር ነው። መስታወቱ ላይ የዘፋኙ ስም ከነዘፈኑ ርዕስ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ኤውክሊደስ ከወንበሩ ዘሎ በሁለት እጁ ሸፈነው።

«ምን ዓይነት ማሽን ነው ይሄ? ስሙን እኮ ለአላፊ አግዳሚው እያሳየ ነው!»

«ታዲያ ቢያሳይስ?» አለች ያዲራ።

ልጅቷ አይፈረድባትም፤ ያንን ዘመን አላየችም። በእነሱ ጊዜ የፒኮ ጌታ የሚከበረው ሌላ ሰው የሌለውን ሸክላ ሲይዝ ነበር። መርከበኞች ከአፍሪካ ይዘው ይመጣሉ፤ ሸክላው እጁ እንደገባ የፒኮው ጌታ መሀሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በቢላ ይፍቀዋል። ተፎካካሪው ስሙን አንብቦ እንዳያስመጣ ነው። ስም የምናወጣው ጨፋሪዎቹ ነበርን። ቋንቋው የማን እንደሆነ ስለማናውቅ በራሳችን ቋንቋ የሰማን የመሰለንን እንጠራዋለን። እናም ኤውክሊደስ ፕላስተር ቆርጦ ስሙ በሚወጣበት ቦታ ላይ ለጠፈ። ያዲራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የማዶዋ ጎረቤታችን ግን በአጥር አንገቷን አስግጋ፦

«ምነው፣ ማን ፈነከተው?» አለች።

ይሄኔ ኤደልሚራ እጇን እየጠረገች ከማድቤት ወጣች።

«ለመሆኑ ‹ሾርባው አረረ› አለበት?»

ኤውክሊደስ ፕላስተሩን በጣቱ ጠበቅ አደረገ።

«ለልደቴ ኬክ አልፈልግም። ቀሚስም አልፈልግም። እሱን ብቻ አሰሙኝ» ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

«ሾርባው አረረ» የኮርማው ዘውድ ነበር። ዘፋኟ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ የምትለው ነገር ለእኛ ጆሮ ቁርጥ ‹ሾርባው አረረ› ነው የሚመስለው፤ ግቢው ሁሉ አብሮ ይጮሃል። ኤደልሚራ በዚያ ዘፈን ስትጨፍር ነው ኤውክሊደስ ማሽኑን ትቶ ወደ መሀል የገባው። የፒኮ ጌታ ማሽኑን ትቶ አይጨፍርም፤ ነውር ነው። እሱ ግን ገባ፣ ሸክላው አልቆ መርፌው ሲንሿሿ እንኳ አልሰማም። እህቴ ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም፤ እኔ ግን አጠገቧ ነበርኩ።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለች ያዲራ። «ኢንተርኔት ቤት ሄጄ አወርደዋለሁ። ስሙን ብቻ ንገረኝ።»

«ሾርባው አረረ።»

«እውነተኛ ስሙን፣ አባዬ።»

«ፍቄዋለሁ።»

«ከመፋቅህ በፊት ግን አንብበኸዋል አይደል?»

«እንዳላስታውሰው ብዬ ነዋ ሳላነብ የፋቅሁት! አንድ ቀን ጠጥቼ ብለፈልፍስ?»

ያዲራ ያም ሆኖ ሄደች። ‹ሾርባው አረረ› ብላ ብትፈልግ የመጣላት የሾርባ አሠራር ነው፤ ያረረ ድስት እንዴት እንደሚታጠብም ጭምር። ኤውክሊደስ ያንን ሲሰማ ኩም ብሎ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። «በገዛ ቢላዬ፣ ኖሪስ» አለኝ። «ከሌባ ደብቄ ደብቄ ከራሴ ደበቅኩት።» ስቀልድበት የኖርኩ ሰውዬ ነው፤ ያን ቀን ግን አንጀቴን በላው።

በማግስቱ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ሲወጣ አየሁትና ተከተልኩት። የሚሄደው ወደ ዲዮኒሲዮ ቤት ነበር። ዲዮኒሲዮ «ማዕበሉ» የሚባለው ፒኮ ባለቤት ነው፤ ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቀብር ላይ እንኳ ተያይተው ሰላም አይባባሉም። ከኤውክሊደስ ኩራት አንፃር ይህ ጉዞ በጉልበት ተንበርክኮ ከመሄድ አይተናነስም።

«ኮርማው ራሱ በእግሩ መጣ!» አለ ዲዮኒሲዮ ከተጋደመበት። «ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«‹ሾርባው አረረ›። ስሙን ታውቀዋለህ?»

«ስሙን? ባውቀውማ ያኔውኑ ገዝቼ ሰፈር አስለቅቅህ አልነበር!»

ኤውክሊደስ ሊመለስ ዞረ።

«ቁም እንጂ፣ አንተ ግትር» አለ ዲዮኒሲዮ። ለካስ ነገር ነበረው። ያን ጊዜ አክስቱ ኮርማው በሚከፈትበት ግቢ በር ላይ ዓሣ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። የካሴት መቅጃ በቅርጫቷ ውስጥ በጨርቅ ሸፍኖ አስይዟት ኖሯል። ዘፈኑን ሰርቆ ወደብ ወርዶ ለመርከበኛ ሁሉ ‹የማን ነው?› እያለ ሲያሰማ ከረመ፤ የሚያውቅ ጠፋ። ካሴቱን ግን አልጣለውም።

«ሌባ!» አለ ኤውክሊደስ።

«አዎ። ትፈልገዋለህ ወይስ ትሰድበኛለህ?»

ኤውክሊደስ አቅፎት ማልቀስ ጀመረ። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

በልደቷ ቀን ምሳ ከበላን በኋላ ኤደልሚራን ከማንጎው ሥር አስቀመጥናት። አባትና ልጅ ኢንተርኔት ቤት ሄደው የካሴት ማጫወቻ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ዘፈኑን ወደ መስታወቱ አስገብተውታል። ዲዮኒሲዮም ፀጉሩን ቅባት ቀብቶ መጥቷል። ኤውክሊደስ ሽቦውን ጆሮዋ ላይ ሰካላት፣ ጣቱን ላሰ፣ ነካው።

መጀመሪያ ፈገግ አለች። ትከሻዋ መነቅነቅ ጀመረ፤ «አንተ ነህ በማይክ የምትለፈልፈው!» ብላ ጮኸች፤ ጆሮዋ ስለተደፈነ ምን ያህል እንደምትጮህ አታውቅም። ከዚያ ድንገት ትከሻዋ ቆመ። ፊቷ ላይ ያለው ፈገግታ ጠፋ። አንዱን ሽቦ ከጆሮዋ ነቅላ ወደ እኔ ዘረጋችው። አልነካም ያልኩትን ረስቼ ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሸክላው ይንጫጫል፣ ሰው ይጮሃል፣ ዓሣው ዘይት ውስጥ ቸስ ቸስ ይላል። ከቅርጫቱ አጠገብ፣ ከዘፋኟም በልጣ የምትሰማ አንዲት ሴት አለች። እናታችን ናት። የሞተችው እኔ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ የቀረን አንድ የደበዘዘ ፎቶ ብቻ ነበር። ድምፅዋን ረስቼው ነበር። መርሳቴን እንኳ አላውቅም ነበር።

«ኤደልሚራ! ኖሪስ!» ትላለች። «እናንተ ልጆች፣ ይበቃችኋል! እራቱ እየቀዘቀዘ ነው፣ ወደ ቤት!»

ያዲራ ምን ሆናችሁ ትላለች፤ ኤውክሊደስ ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ጣቱን እየላሰ መስታወቱን ይነካካል። እህቴ ግን እጄን ጨምድዳ ይዛ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብላ፦

«መጣን፣ እማዬ! መጣን!» አለች።