በወርቅ የተጻፈው የአባት ስም

የማስተምርበት የሴቶች ትምህርት ቤት ለንደን፣ ሆሎዌይ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ የቆመ ቀይ የጡብ ሕንጻ ነበር። በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ከወንዶቹ ትምህርት ቤት ጋር እንደሚቀላቀልና ሕንጻው እንደሚሸጥ ተነገረን።

በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልልቅ የእንጨት ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል። በየዓመቱ ጥሩ ውጤት አምጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች በወርቅ ቀለም ይጻፉባቸዋል። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ከልጅቷ ስም የመጀመሪያው ፊደል ብቻ፣ ከዚያ የቤተሰብ ስም። ምክንያቱን ለአዲስ ተማሪዎች ማስረዳት እወድ ነበር። በድሮ ጊዜ የወንዶች ትምህርት ቤቶች እንዲህ ይጽፉ ስለነበር፣ መሥራቾቹ ሴቶች «የኛም ልጆች ከማን ያንሳሉ» ብለው ያመጡት ወግ ነው።

በመጨረሻው ዓመት ከሚጻፉት አንዷ የአገሬ ልጅ ነበረች። እናቷ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በጽዳት ይሠራሉ። አባቷ ገና ዳዴ ስትል ጥሏቸው ሄዷል፤ ቤታቸው ውስጥ ስሙ አይነሳም። በእኛ ዘንድ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። ከልጅቷ ስም ቀጥሎ ያለው የሰውየው የራሱ ስም ነው።

ይህን ለርዕሰ መምህርቷ አስረድቼ የልጅቷ የራሷ ስም በሙሉ እንዲጻፍ ጠየቅሁ። በጥሞና ሰሙኝ። እሳቸውም በልጅነታቸው እዚያው የተማሩ፣ ሰሌዳው ላይ ያሉ ናቸው።

«ትምህርት ቤቱን ወሰዱብን» አሉኝ ቀስ ብለው። «የቀረን ወጉ ነው። እሱን እንኳ እስከ መጨረሻው ልጠብቀው።»

በሽልማቱ ቀን እናትየው የሥራ ልብሳቸውን በካፖርት ሸፍነው፣ ካሜራ ይዘው መጡ። ልጃቸውና እኔ ወደ ሰሌዳው ወሰድናቸው። ጣታቸውን አንስተው ፊደል በፊደል አነበቡና ቆም አሉ።

«ፈተናውን የተፈተነው እሱ ነው እንዴ?»

«እትዬ፣ መጀመሪያ ላይ ያለችው ፊደል እሷ ናት።»

«ይቺ? ይቺማ የማንም ልትሆን ትችላለች።»

«ማሚ፣ ኢትስ ፋይን» አለች ልጅቷ። «የሁሉም እንደዛ ነው።»

«እነሱን አባቶቻቸው አሳድገዋቸው ይሆናላ።»

የመሥራቾቹን ታሪክ ጀመርኩላቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «ገባኝ ቲቸር። አንቺ ምን ታደርጊ» አሉኝ። «ማስተካከል አይቻልም?»

«ጠይቄ ነበር። አይቻልም ተባልኩ።»

ልጅቷ ከሰሌዳው ሥር ሄዳ ቆመች፤ ጸጉሯን አስተካከለች። «በቃ አንሺኝ፣ ማሚ። ፕሊስ።»

እናትየው ካሜራውን እስከ ዐይናቸው ድረስ አነሱት። ከዚያ መልሰው አወረዱት።

«ከሱ ጋር አላነሳሽም።»

ግቢ ውስጥ፣ በካፊያው፣ የጡቡን ግድግዳ አስደግፈው አነሷት። ሁለቴ ሦስቴ «ሳቅ በይ እንጂ» ሲሏት ሰማሁ። ልጅቷ ግን ዐይኗ የአዳራሹ መስኮት ላይ ነበር።