ሁለቴ የተቀቀለ ድንች

እናቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ቤት ከመጣች ወዲህ ኩላሊቷ ደክሟል፤ ምግብም እምቢ ብሏታል። ሚስቴ ያልሠራችላት የለም። እናቴ ትንሽ ትጎርስና "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠገብኩ" ትላለች። በብርዱ ወራት አንድ ቀን ግን "ድንች ቢሆን እበላ ነበር" አለች። ከሱቅ ገዝተን ቀቅለን አቀረብንላት። ቀመሰችና "ይሄ ሳሙና ነው" ብላ መለሰችው።

በቃ፣ ገበሬ ሆንኩ። እኔ! በሕይወቴ አካፋ የያዝኩት መኪናዬን ከስኖው ለማውጣት ብቻ ነው።

ቪዲዮ ስከታተል ሰነበትኩ። አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጠቃሚ ባክቴሪያና ፈንገሶች ካሉ ድንቹ ይጣፍጣል ይላሉ። የፋብሪካ ማዳበሪያ አያስፈልግም። እኔም በታክሲዬ አሌክሳንድሪያ ሰው አድርሼ ስመለስ፣ ፈረስ ከሚያረባ ሰውዬ የበሰበሰ ፍግ በጆንያ መጫን ጀመርኩ። አንዱ ተሳፋሪ በዚያ ብርድ መስኮት ከፍቶ "ምንድነው የሚሸተው?" አለኝ። "ኦርጋኒክ ነው" አልኩት።

ባክቴሪያውን በዱቄት መልክ ኦርደር አደረግኩ። እናቴ ከረጢቱን አየችው።

"ምንድነው?"

"ተሕዋስ ነው እማዬ። ለአፈሩ።"

"በገንዘብ ገዛኸው?" እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ቤት ውስጥ እርሾ ሞልቶ!"

የሚስቴን የእርሾ ዕቃ አንስታ በዝናብ ውሃ በጥብጣ ጓሮ ያበጀሁት የድንች መደብ ላይ ደፋችው።

"እትዬ፣ ሊጡን በምን ላቡካ?" አለች ሚስቴ።

"መሬቱም ይቡካ እንጂ!"

ቀጥሎ አመድ አዘዘች። እንጨት የሚያነድ ጎረቤት አለን፤ ሄጄ አመድ ለመንኩት። ሰውዬው ዓይን ዓይኔን አየና በባልዲ ሰጠኝ። የሙዝ ልጣጭም ከድንቹ ዘር ጋር ቀበርን። እናቴ ጠዋት ጠዋት በምርኩዟ እየወጣች "አንተ፣ እየኮተኮትክ ነው ወይስ እየቀበርክ?" ትለኛለች። ከጓሮ ስትመለስ አንድ ሁለት ጉርሻ ትጨምራለች። እኔም በልቤ፣ ድንቹ ይድረስ ብቻ፣ ትበላለች እል ነበር።

ልናወጣው ስንል የደም ምርመራዋ መጣ። ፖታሲየሟ ከፍ ብሏል፤ የደከመ ኩላሊት አያስወጣውም፣ ድንች ደግሞ ሞልቶበታል። የክሊኒኩ የምግብ ባለሙያ ተናገረች፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

"ምን አለች?" አለች እናቴ።

"ፀጉርሽ ያምራል አለች።"

"አንተ ጅል፣ ንገረኝ።"

ነገርኳት። ድንች ቀንሺ፤ ከተበላም በስሱ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ፣ ፖታሲየሙን ይዞ የወጣው ውሃ ተደፍቶ፣ እንደገና ተቀቅሎ፣ ትንሽ ብቻ። "ጣዕሙስ?" ብዬ ጠየቅኩ። ባለሙያዋ ትከሻዋን ሰበቀች።

ቤት ገብቼ ሳነብ፣ አመዱም የሙዝ ልጣጩም ዋና ነገራቸው ፖታሲየም ነው። ለካ ጸደዩን ሙሉ ተንበርክኬ ድንቹን የቀለብኩት እሱኑ ኖሯል።

ድንቹን አወጣነው። ሲያምር! የመጀመሪያውን ውሃ ስደፋ ቤቱን ያወደው ሽታ ሁሉ ሲንኩ ውስጥ ገባ። ሁለተኛ ቀቅዬ አወጣሁና ያለ ጨው አቀረብኩላት። አኘከች። አገጯን ሳይ ነበር።

"ሳሙና ነው አይደል?" አልኳት።

"የራሳችን ሳሙና ነው" አለች። ትንሽ ጨመረችና ሳህኑን ገፋ አደረገችው። "እግዜር ይስጥልኝ። ውሃውን የት ደፋኸው?"

"ሲንክ ውስጥ። ሁለተኛው ድስቱ ውስጥ አለ።"

"ለመሬቱ ስጠው እንጂ። የድንቹ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ አይደል ያለው?"

ውሃው ሲበርድ ድስቱን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም። ከድንቹ መደብ ጎን የተከልነው ጎመን አጠገብ ቆሜ ማፍሰስ ስጀምር፣ እናቴ ከመስኮቱ ጀርባ በምርኩዟ እየጠቆመች፣

"ሥሩ ላይ! ቅጠሉ ላይ አይደለም፣ ሥሩ ላይ!" ትላለች።