«ኸላስ» ያልኩት ለሻዩ ነበር

ዛሬ ላይቭ ላይ በገዛ አፌ ተያዝኩ።

ሸሕዲ ከተማ ሆኜ ቶብ የሚባለውን የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ በፌስቡክ ጨረታ እንደምሸጥ ታውቃላችሁ። ደንበኛ የሚያምነኝ የጨርቁን ጉድለት ቀድሜ ስለማሳይና አንዴ «ኸላስ»፣ አለቀ ካልኩ ጨረታው በመጨረሻው ዋጋ ስለሚዘጋ ነው።

ምርጡን ቶብ ዘርግቼ ገና አንድ ሰው የማይረባ ዋጋ እንደጻፈ፣ ጎረቤቴ ባለሱቁ ሐጂ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ሻይ አለሽ?» አሉኝ።

«ኸላስ፣ አልቋል» አልኳቸው።

ተመልካቹ ሁሉ «ኸላስ ብላለች» እያለ አጥለቀለቀኝ። ብሰርዝ ነገ ማን ያምነኛል? ብሸጥ ኪሳራ ነው።

ቀና ስል ሐጂ ስልካቸውን እያሳዩኝ «መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለዎት በይኝ እንጂ» ይላሉ። ለካ ያን ዋጋ የጻፉት ገዢ እሳቸው ናቸው።

ሻይ መጠጣት ከተዉ እንደቆዩ ትዝ ያለኝ ቶቡን አጣጥፌ ስሰጣቸው ነው።

በገዛ ቃሉ የታሰረ ካለ እስኪ ይጻፍልኝ፤ ብቻዬን አልታሰር።