አድማሱ አልጋው ላይ የቀረጸው ትምህርት

ወላሂ፣ እንደ አድማሱ ያለ ሞኝ አስተማሪ አይቼ አላውቅም። ጥሩ ሰው ነው፣ እሱን አልክድም፤ ግን ሞኝ ነው። ከደብረ ብርሃን መጥቶ ጅጅጋ ሒሳብ ያስተምር ነበር። እኔ ነጅማ ደግሞ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነበር።

በ2016 መጀመሪያ አንድ ሥልጠና ላይ "ፍሊፕድ ክላስሩም" የሚባል ነገር ነገሩን። ተማሪው ማብራሪያውን ቤቱ ሆኖ በቪዲዮ ይሰማል፣ ክፍል ሲመጣ ጥያቄ ይሠራል፤ በቃ ይኸው ነው። ሁላችንም ሞከርን። ግማሹ ተማሪ ስልክ የለውም፣ ስልክ ያለው ካርድ የለውም። ስልችት ብሎን ተውነው። አድማሱ ግን ችክ አለ፤ በኢዲል ምክንያት።

ኢዲል አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ድሮ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትውለው። ቪዲዮው ከመጣ ወዲህ ግን እስኪገባት ደጋግማ እየሰማች፣ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ወጥታ መሥራት ጀመረች። ሌላው ትምህርት አያሰጋትም፤ ብሔራዊ ፈተናውን እንዳታልፍ የሚያሰጋት ሒሳብ ብቻ ነበር። አድማሱም ነጋ ጠባ ወሬው "ይቺ ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አለባት" ነው።

ታዲያ ቪዲዮውን የት ይቅረጸው? የተከራያት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ወንበር እንኳ የለውም። ግድግዳው ላይ ካርቶን ለጥፎ፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ይቀርጻል። ደግሞ የጠየቀውን ተማሪ ስም ሳይጠራ አይጀምርም። "ኢዲል፣ ትናንት የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ" ብሎ ጀመረላችኋ! አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?

ኢዲል ቪዲዮውን የምትሰማበት ስልክ የእናቷ ነው። እናቷ ዐዎ ትባላለች፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። አንድ ቀን ለደንበኛዋ የጨርቅ ፎቶ ላሳይ ብላ ስትከፍት፣ አልጋ ላይ የተቀመጠ ወንድ የልጇን ስም ይጠራል። አማርኛው ብዙም አይገባትም፤ ስሙ ግን ገባት። በዙሪያዋ ያሉት ነጋዴዎችም ሰሙ። በማግስቱ ኢዲል ከትምህርት ቤት ቀረች።

አድማሱ ሊያብድ ደረሰ። "ሄጄ ላስረዳት" አለ።

"ደጇ ላይ ብትታይማ ጭራሽ ይበላሻል! አርፈህ ተቀመጥ!" ብዬ ጮኼበት እኔው ሄድኩ።

"ኤዶ ዐዎ፣ ሒሳብ እኮ ነው፤ ለክፍሉ ሁሉ ነው የላከው" አልኳት በሶማሊኛ፤ ኤዶ አክስቴ እንደ ማለት ነው።

"አምኜሻለሁ ልጄ" አለችኝ። "ገበያው ግን ያምነኛል? ሰውዬው እዚያ ትምህርት ቤት እያለ ልጄ አትመለስም።"

አልፈረድኩባትም፤ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። ግን ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ለአድማሱ ነገርኩት። ቀጥ ብሎ ዳይሬክተሩ ዐብዲናስር ቢሮ ገብቶ ዝውውር ጠየቀ። "ምትክ የለኝም፣ ፈተናው እስኪያልፍ ታገሠኝ" ብሎ ዐብዲናስር ለመነው። "ፈተናው ካለፈማ ለእሷ ምን ይፈይዳል?" አለ አድማሱ። ሸደር የምትባል ከተማ ክፍት ቦታ ነበርና እዚያ ሄደ። መኪና ተራ ድረስ ሸኝቼው፣ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ምን ላድርግ?

ዐዎ ቃሏን አከበረች። ኢዲል ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ መጣች። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተደወለ፤ የሚገባ አስተማሪ ግን አልነበረም። ተማሪው መንጫጫት ሲጀምር ዐብዲናስር "እባክሽ ጸጥ አሰኚልኝ" ብሎ እኔን ላከኝ።

ኢዲል ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ፈክቷል። "ቲቸር፣ ቲቸር አድማሱ ዛሬ አይገባም እንዴ?" አለችኝ።

"ተዛውሯል" አልኳት። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

"ታዲያ ሒሳብ ማን ያስተምረናል?"

ክፍሉ ሁሉ እኔን ያያል። ያ አላህ፣ ምን ልበላት?

"እንጃ ልጄ" አልኳት።